ስሟን እየቀያየረች 602 ቀን ባሕር ላይ የቆየችው አትላንቲስ

ሞተሪስቱ፣ ሰኞ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምጽፈው ከባሕር ላይ ነው። ባቦጋያ የባሕር ትምህርት ቤት ተምሬ የወጣሁ ነኝ፤ አሁን ብትን ጭነት በሚጭን መርከብ ላይ ሦስተኛ ኢንጂነር ሆኜ እሠራለሁ። ትናንት ሌሊት የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ኬፕ አጉላስን አለፍን። ከዋች (ከሥራ ተራዬ) ወጥቼ ደክ (የመርከቡ ወለል) ላይ ቆሜ የመብራት ማማውን ብልጭታ ሳይ አንዲት መርከብ ትዝ አለችኝ። በሜይ 1940 እዚሁ ውሃ ላይ መጥታ 92 የባሕር ፈንጂ ዘርታ ሄዳለች። በዚያ ሰሞን ያያት ሁሉ የጃፓን ንግድ መርከብ ናት ይል ነበር። ጀርመን ነበረች።

ቀኖቹን እንደ አውሮፓውያን ነው የምጽፈው፤ የኛን ስጽፍ እናገራለሁ።

የመጀመሪያ ስሟ ጎልደንፌልስ ነው። በ1937 መጨረሻ ብሬመር ቩልካን የተባለው የብሬመን መርከብ ሠሪ ውሃ ላይ አወረዳት። ባለቤቷ ሃንዛ የተባለው የመርከብ ድርጅት ነበር። 7,862 ቶን፣ ርዝመቷ 155 ሜትር፣ ሁለት የማን ዲዝል ሞተር፣ ፍጥነቷ 17 ኖት ተኩል (በሰዓት ወደ 32 ኪሎ ሜትር)። ለዚያ ዘመን ጭነት መርከብ ይህ ፈጣን ነው። ጦርነቱ ሲጀመር የጀርመን ባሕር ኃይል ወሰዳትና በኖቬምበር 30 ቀን 1939 አትላንቲስ ተብላ የጦር መርከብ ሆነች። አዛዧ ካፒቴን በርንሃርድ ሮገ ነበር።

ስድስት ባለ 15 ሴንቲ ሜትር መድፍ ተገጠመላት። መድፎቹ በሚከፈት ብረትና በሐሰተኛ የጭነት ሣጥን ተሸፈኑ። አራት የቶርፔዶ መተኮሻ፣ ፈንጂዎቹ፣ ውሃ ላይ የሚያርፉ ሁለት አውሮፕላኖች፣ ወደ 350 የሚሆን ሰው። እኔ ያለሁበት መርከብ ከእሷ ይበልጣል፤ ሰዎቹ ግን 22 ብቻ ነን። ያ ሁሉ ሰው ቀን ቀን ደክ ላይ መታየት አልነበረበትም። የንግድ መርከብ ላይ 350 ሰው ከታየ ነገሩ አበቃ።

በማርች 31 ቀን 1940 ከጀርመን ስትወጣ ክሪም የምትባል የሶቪየት መርከብ መስላ ነው። የምድር ወገብን ስትቃረብ ካሺ ማሩ የምትባል የጃፓን መርከብ ሆነች። የጭስ ማውጫዋ ቀለም ተቀየረ፣ ጎኗ ላይ የጃፓን ባንዲራ ተሳለ። ጥቂት አጠር ያሉ መርከበኞች ሸሚዛቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ጭንቅላታቸውን በሻሽ አስረው ደክ ላይ ወዲያ ወዲህ ይሉ ነበር። አንዱ የሴት ልብስ ለብሶ የሕጻን ጋሪ ይገፋ ነበር።

ከመድፉ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ቀለሙ ነው። ባሕር ላይ መርከብ ቀብታችሁ ታውቃላችሁ? ጣውላ በገመድ ይንጠለጠላል። ሁለት ሰው ይቀመጥበታል። መርከቡ ሲወዛወዝ ጣውላው ከብረቱ ይርቅና ተመልሶ ይመጣል፤ ቡሩሹ የሚነካው ሲመለስ ብቻ ነው። እኛ ወደብ ላይ ቆመን አንድ ጎን ለመቀባት ቀናት ይፈጅብናል። እነሱ ክፍት ውቅያኖስ ላይ፣ አድማስ ላይ ጭስ ብቅ እንዳይል እየፈሩ ነው ይህን ደጋግመው የሠሩት።

22 መርከብ ይዘዋል ወይም አስጥመዋል፤ ወደ 145 ሺህ ቶን ገደማ። እዚህ ቤት ታሪክ የሚያነቡ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። የምታውቁትን ጨምሩበት። በተለይ በጭነት ክፍል ውስጥ ስለከረሙት እስረኞች መስማት እፈልጋለሁ። እነሱ እንደኔ የንግድ መርከብ ሠራተኞች ነበሩ።


ሰላማዊት ዘ አራዳ፣ ሰኞ ከምሽቱ 3:42

አንተ ልጅ ደህና ግባ። ቁጭ ብዬ አነበብኩት።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የሌላ አገር ባንዲራ ሰቅሎ ቀርቦ መምታት በሕግ ይፈቀዳል? የሲቪል ልብስ ለብሶ ሰው ቤት ገብቶ እንደመተኮስ ነው የሚመስለኝ። ደግሞ ጋሪ መግፋቱ ቆሽቴን አሳረረው። ሰው ሕጻን ሲያይ ልቡ ይረጋጋል። ያንን መጠቀም ከባድ ነገር ነው።


ጡረተኛው ባሕረኛ፣ ሰኞ ከምሽቱ 4:20

ልጄ ሰላማዊት፣ ጥያቄሽ ትክክለኛ ነው። እኔ በቀድሞው ባሕር ኃይል ምጽዋ ላይ ወጣትነቴን ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ይህንን ትምህርት ክፍል ውስጥ ተከራክረንበታል።

የባሕር ጦርነት ሕግ ከየብሱ ይለያል። የጦር መርከብ በሌላ አገር ባንዲራ መቅረብ ይችላል። የማይችለው በዚያ ባንዲራ ስር መተኮስ ነው። ከመተኮሱ በፊት የሌላውን ባንዲራ አውርዶ የራሱን መስቀል አለበት። አሠራሩም እንደዚያ ነበር። ቀርቦ ባንዲራውን ይቀይራል፣ የመድፎቹ መሸፈኛ ይከፈታል፣ የማስጠንቀቂያ ጥይት ይተኮሳል፣ "ቁም፣ ሬዲዮ አትንካ" የሚል ምልክት ይሰጣል። ይህ ሁሉ በጣም አጭር ጊዜ ውስጥ ነው። በሌላው መርከብ ላይ ያለው ካፒቴን ያቺን አጭር ጊዜ ይዞ ነው የሰዎቹን ነፍስ የሚወስነው።

የብሪታንያ ንግድ መርከቦች ትእዛዝ ነበራቸው። ንግድ መርከብ መስሎ የመጣ ጠላት ካጋጠማቸው ኪው የሚለውን ፊደል እየደጋገሙ ከቦታቸው ጋር በሬዲዮ መላክ አለባቸው። ጀርመኖቹ ደግሞ ሬዲዮ ሲሰሙ ወዲያው የሬዲዮ ክፍሉንና የመሪውን ክፍል ይመታሉ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሞተው የሬዲዮ ኦፕሬተሩና መሪው ክፍል ውስጥ ያለው ሰው ነው። የሬዲዮ ኦፕሬተር ብዙውን ጊዜ ወጣት ልጅ ነው። ጣቱን ከቁልፉ ላይ ቢያነሳ ይተርፋል። ብዙዎቹ አላነሱም።

ሞተሪስቱ፣ መድፎቹን ስታነሳ አንድ ነገር ልጨምርልህ። አዲስ አልነበሩም። ሽሌዚየን ከምትባል ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከተሠራች አሮጌ የጦር መርከብ የተነቀሉ ናቸው። ለንግድ መርከብ ግን ከበቂ በላይ ነበሩ።


ሞተሪስቱ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 11:50

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ሬዲዮ ልጆቹ ያሉት ልክ ነው። የመጀመሪያዋ ተጠቂ ሳይንቲስት የምትባል የብሪታንያ መርከብ ነበረች፤ በሜይ 3 ቀን 1940 ነው የተያዘችው። ከአንድ ቀን በፊት ሲቲ ኦፍ ኤክሰተር የምትባል ትልቅ የመንገደኞች መርከብ አልፋ ነበር። ሮገ መንገደኛ ስለበዛባት ለቀቃት። ካሺ ማሩን ተጠራጥራ ሪፖርት ያደረገችው እሷ ናት።

እኔን ያሳዘነችኝ ግን ቲራና ናት። የኖርዌይ መርከብ ናት፤ በጁን 1940 ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ተያዘች። ለአውስትራሊያ ወታደሮች የሚሄድ ስንቅ ጭና ነበር። ሮገ አላሰጠማትም። ከሌሎች መርከቦች የያዛቸውን እስረኞች ጫነባትና ወደ ፈረንሳይ ላካት። ከነሱ መካከል ኬመንዳይን ከምትባል መንገደኛ ጫኝ መርከብ የመጡ ሴቶችና ሕጻናት ነበሩ። ያን ሁሉ ውቅያኖስ አቋርጣ ቦርዶ አጠገብ ደረሰች። መሬት ሊታይ ሲል፣ በሴፕቴምበር 22፣ ቱና የምትባል የብሪታንያ ሰርጓጅ መርከብ በቶርፔዶ መታቻት። ሰርጓጇ ውስጥ ያሉት ሰዎች የራሳቸው ወገን እዚያ ውስጥ እንዳለ በምን ያውቃሉ? ከሞቱት ብዙዎቹ እስረኞቹ ናቸው።

ይቺን ታሪክ መጀመሪያ ያነበብኩት ካቢኔ ውስጥ ተኝቼ ነው። ተነስቼ ወጣሁ።


ሐረርጌ 33፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 2:15

እስረኞች ካላችሁ የኛን አካባቢ የሚነካ አለ፤ ዱርሚቶር ይባላል። ብዙ ሰው አያውቃትም።

ዱርሚቶር የዩጎዝላቪያ መርከብ ናት። ጨው ጭና ከስፔን ወደ ጃፓን ስትሄድ በኦክቶበር 22 ቀን 1940 ሱንዳ ሰርጥ አካባቢ አትላንቲስ ያዘቻት። በዚያ ጊዜ ሮገ መርከቡ በእስረኛ ተጨናንቆበት ነበር። ከ250 በላይ እስረኛ ጫነባትና ጥቂት ጀርመኖች መድቦ ወደ ጣልያን ሶማልያ ላካት። የቀረው ከሰል ትንሽ ነው። ውሃውም ምግቡም ትንሽ ነው። እስረኞቹ የሚተኙት ጨው ላይ ነው። ጨው ላይ ተኝቶ ውሃ መጠማት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከሰሉን ለመቆጠብ የጭነት ክፍል ሸራውን አውጥተው እንደ ጀልባ ሸራ ሰቀሉት። አሮጌ የእንፋሎት መርከብ በሸራ ሕንድ ውቅያኖስን ሲያቋርጥ!

ወደ አራት ሳምንት ፈጀባቸው። በኖቬምበር መጨረሻ ከሞቃዲሾ በስተሰሜን ያለችው ዋርሼክ ደረሱ። በኛ ኅዳር 1933 መሆኑ ነው። ያን ጊዜ አገራችን ገና በጣልያን እጅ ነበረች፣ አርበኞች ጫካ ነበሩ፣ ጃንሆይ ካርቱም ነበሩ። እነዚህ መርከበኞች የጣልያን እስረኛ ሆኑ።

ነጻ ያወጣቸው ያው እኛ የምናውቀው ዘመቻ ነው። ከኬንያ የተነሳው የእንግሊዝ ጦር በየካቲት 18 ቀን 1933 ሞቃዲሾ ገባ። መርከበኞቹ ያኔ ተፈቱ። ያው ጦር በጅጅጋና በሐረር አድርጎ በመጋቢት 28 አዲስ አበባ ደረሰ። የአያቴ ወንድም ጦሩ ሐረር ሲገባ ልጅ ነበር፤ ከመኪና ላይ የተወረወረለትን ብስኩት እስኪሞት ያወራ ነበር። ከዚያ ጦር ኋላ ጨው ላይ የከረሙ መርከበኞች እንደነበሩ ያወቅኩት ግን እሱ ካለፈ በኋላ ነው። ብነግረው ደስ ይለው ነበር።


ሰላማዊት ዘ አራዳ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3:05

ሐረርጌ፣ አነበብኩትና ውሃ ጠማኝ። ነፍሳቸውን ይማር። ይህን ታሪክ ለልጆቼ ነው የማነበው።


ጡረተኛው ባሕረኛ፣ ማክሰኞ ከቀኑ 7:30

ሐረርጌ ወንድሜ፣ በሩን ከከፈትከው እኔ ደግሞ ምጽዋን ላምጣ።

በኛ 1933 የጣልያን ቀይ ባሕር ኃይል ምጽዋ ላይ ታግቶ ነበር። ስዊዝን እንግሊዝ ይዞታል፣ ኤደንን እንግሊዝ ይዞታል። ከረን ላይ ውጊያው ሲጦፍ ምጽዋም እንደማትቆይ አወቁት። ከነበሯቸው ሰርጓጅ መርከቦች የተረፉት አራት ነበሩ። አርኪሜዴ፣ ፈራሪስ፣ ጉልየልሞቲና ፔርላ። ለአራቱም ትእዛዝ መጣ፤ አፍሪካን ዙሩና ፈረንሳይ ግቡ።

ፔርላ ከሁሉም ትንሿ ናት። ለአጭር ርቀት የተሠራች ናት። አፍሪካን የሚያስዞር ነዳጅ አትይዝም። ስለዚህ በማርች 1941 መጨረሻ ሕንድ ውቅያኖስ መካከል ላይ ከአትላንቲስ ጋር ተገናኘች። አትላንቲስ ነዳጅና ምግብ ሰጠቻት። ፔርላ ኬፕን ዞራ በሜይ 20 ቦርዶ ገባች። ከምጽዋ ከተነሳች ወደ 80 ቀን ገደማ ነው። ምጽዋ ራሷ በመጋቢት 30 ቀን 1933 ተያዘች።

እኔ በምጽዋ ሙቀት በታንኳ ብረት ውስጥ ግማሽ ቀን ሠርቼ አውቃለሁ። ላብህ ጫማህ ውስጥ ይጠራቀማል። 80 ቀን በዚያች ትንሽ ሰርጓጅ ውስጥ የቆዩት ሰዎች አገሬን የወረሩ ሠራዊት አባላት ናቸው። ቂሙ በቤተሰቤ አለ፤ አባቴ ወንድሙን በዚያ ወረራ አጥቷል። ግን ባሕረኛ ባሕረኛን ሲያስብ ሌላ ዓይን አለው። ያንን ጉዞ ያስተባበረ ሰው ሥራውን ያውቃል።

አንድ ሌላም አለ። ታነንፌልስ የምትባል፣ ያው የሃንዛ ድርጅት የሆነች መርከብ ጦርነቱ ሲጀመር ኪስማዩ ተሸሽጋ ነበር። እንግሊዝ ኪስማዩን ሊይዝ ሲል በጥር መጨረሻ አምልጣ ወጣችና በፌብሩዋሪ ከአትላንቲስ ጋር ተገናኘች። ጎልደንፌልስና ታነንፌልስ በሰላሙ ዘመን በአንድ ድርጅት ባንዲራ ይሠሩ የነበሩ ናቸው። ሕንድ ውቅያኖስ መካከል እንደገና ተያዩ።


መዝገብ ቤት፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 1:48

ክሩ ደስ ይላል። ማንም እስካሁን ያላነሳው ትልቁ ነገር ኦቶሜዶን ነው። እኔ ሰነድ ማደራጀት ላይ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ይህ ታሪክ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ኖቬምበር 11 ቀን 1940። ኦቶሜዶን የምትባል የብሪታንያ ጭነት መርከብ ሱማትራ አጠገብ ደርሳለች። ወደ ፔናንግና ሲንጋፖር ነው የምትሄደው። አትላንቲስ ቀረበች፣ ባንዲራ ቀየረች፣ አስጠነቀቀች። ኦቶሜዶን ሬዲዮ ጀመረች። አትላንቲስ መሪ ክፍሉን መታችው። ካፒቴኑ ዊልያም ኢዋንና እዚያ የነበሩት መኮንኖች ሞቱ። ሚስጥራዊ ወረቀቶችን ባሕር ውስጥ መጣል የነበረባቸው እነሱ ነበሩ። የመጣል ትእዛዙ የሚታወቀው በነሱ ነው፤ ቁልፉም በነሱ እጅ ነው።

ሮገ ኡልሪሽ ሞር የሚባለውን መኮንን ከፍተሻ ቡድን ጋር ላከው። ሞር በካርታ ክፍሉ ውስጥ አረንጓዴ ሻንጣ አገኘ። ሻንጣው ዙሪያውን የናስ ቀዳዳ አለው። ባሕር ውስጥ ሲወረወር ውሃ ገብቶበት ቶሎ እንዲሰጥም ነው። የተሠራው ለመስጠም ነበር። ሳይወረወር ቀረ።

ውስጡ የብሪታንያ የጦር ሹማምንት ለሩቅ ምሥራቅ ዋና አዛዥ የጻፉት ሰነድ ነበር። ጃፓን ጦርነት ብትከፍት ብሪታንያ ምን ማድረግ ትችላለች የሚለው ግምገማ። መልሱ በግልጽ ተጽፏል፤ በቂ የጦር መርከብ ወደዚያ መላክ አንችልም።

ሮገ ወዲያው ገባው። ከአንድ ቀን በፊት ኦሌ ያኮብ የምትባል የኖርዌይ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ይዞ ነበር። ሰነዱን በእሷ ወደ ጃፓን ላከ። በዲሴምበር 4 ኮቤ ደረሰች። ቶኪዮ ያለው የጀርመን ባሕር ኃይል አታሼ ፓውል ቬነከር ለጃፓን ባሕር ኃይል አስረከበው። ከዓመታት በኋላ ጃፓን ለሮገ የሳሙራይ ሰይፍ ሸለመችው። ያንን ሽልማት ያገኙት ጀርመኖች ሦስት ብቻ ናቸው ይባላል።

አንድ ወረቀት ለማጓጓዝ ተራ የጭነት መርከብ መምረጥ ያን ጊዜ ብልሃት መስሏቸው ይሆናል። ማን ሚስጥር አለበት ብሎ ያስባል! ግን ወረቀት በተጓዘ ቁጥር የሚያጠፋው ሰው አብሮ መጓዝ አለበት። እኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህን ስልጠና ስሰጥ ሁልጊዜ የማነሳው ያንን የናስ ቀዳዳ ነው።


ቴዎድሮስ ከሐይፋ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2:30

መዝገብ ቤት፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አንድ ቦታ ላይ እንጠንቀቅ። ሲንጋፖር የወደቀችው በዚያ ሻንጣ ምክንያት ነው የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጃፓን ወደ ደቡብ ለመሄድ የተነሳችው በነዳጅና በጎማ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ በ1941 አሜሪካ ነዳጅ አቆመችባት። ሰነዱ የጃፓን ባሕር ኃይል የጠረጠረውን አረጋገጠለት። ሚዛኑን ትንሽ ገፋው እንጂ ሚዛኑን አልፈጠረውም።


መዝገብ ቤት፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2:52

ተቀብያለሁ ቴዲ። "ሻንጣው ሲንጋፖርን ጣላት" ብዬ አልጻፍኩም፣ ግን አጻጻፌ ወደዚያ ይጎትት ነበር። ማረጋገጥ የሚለው ቃል ትክክለኛው ነው።


ሰላማዊት ዘ አራዳ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 2:20

ማታ እኔም ሳነብ አመሸሁ። ዛምዛም የምትባል የግብፅ መርከብ አገኘሁ። ካላነሳኋት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከኒው ዮርክ ተነስታ በብራዚልና በኬፕ ታውን፣ ከዚያ በሞምባሳ አድርጋ ወደ እስክንድርያ ልትሄድ ነበር። ወደ 200 የሚሆን መንገደኛ ይዛለች። አብዛኞቹ አሜሪካውያን ናቸው፤ ብዙዎቹ ወደ አፍሪካ የሚሄዱ ሚስዮናውያን ከነልጆቻቸው። አምቡላንስ ነጂዎችም ነበሩባት። አሮጌ የእንግሊዝ መርከብ ስለነበረች አራት ምሰሶ አላት። ሮገ ቅርጿን አይቶ የብሪታንያ ጦር ያዛት ብሎ አሰበ። በኤፕሪል 17 ቀን 1941 ማለዳ መታት። አሜሪካ ያን ጊዜ ጦርነት ውስጥ አልገባችም።

ሕጻናት ውሃ ውስጥ ገቡ። ብዙ ሰው ቆሰለ፣ ከቆሰሉት አንዱ በኋላ ሞተ። ሌላው ሁሉ ተረፈ፤ ጀርመኖቹ ጀልባ አውርደው አወጧቸው። ከዚያ ድሬስደን በምትባል መርከብ ወደ ፈረንሳይ ተላኩ።

ከመንገደኞቹ አንዱ ዴቪድ ሸርማን የተባለ የላይፍ መጽሔት ፎቶ አንሺ ነበር። አትላንቲስን ከጀልባ ላይ ሆኖ አነሳት። ጀርመኖቹ ሲፈትሹት አብዛኛውን ፊልም ወሰዱ፤ ጥቂት ጥቅል ግን ደብቆ አሳለፈ። በጁን 1941 ፎቶው መጽሔቱ ላይ ወጣ። የጎኗ ቅርጽ ለዓለም ሁሉ ታየ። ያን ሁሉ ቀለም ሲቀያየር የኖረ መርከብ ፊቱ ጋዜጣ መሸጫ ላይ ተሰቀለ።

ጋሪ የሚገፋው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ዛምዛም ላይ ግን ጋሪ የሚገፉት እውነተኛ እናቶች ነበሩ።


ጡረተኛው ባሕረኛ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 3:40

ደህና አድርገሽ አነሳሽው። ያ ፎቶ በየብሪታንያ የጦር መርከቡ ላይ ነበር። መጨረሻ ላይ ዴቨንሺር የምትባለው የብሪታንያ ክሩዘር (ፈጣን የጦር መርከብ) አውሮፕላን አብራሪዎች ከላይ ሲያዩዋት ያንን ቅርጽ ነው የፈለጉት። ሞተሪስቱ፣ መጨረሻዋን አንተ ንገራቸው። የሞተር ጉዳይ ስላለበት ያንተ ነው።


ሞተሪስቱ፣ ረቡዕ ከቀኑ 10:15

እሺ ጋሼ።

ኖቬምበር 22 ቀን 1941፣ ማለዳ፣ ከአሴንሽን ደሴት በስተሰሜን ምዕራብ። አትላንቲስ ባሕር ላይ ከቆየች 602 ቀን ሆኗታል። ትእዛዙ ለሰርጓጅ መርከቦች ነዳጅ ስጪ የሚል ነው። ዩ 126 የምትባል የጀርመን ሰርጓጅ አጠገቧ ቆማለች፣ የነዳጅ ቱቦው ተዘርግቷል። የሰርጓጇ አዛዥ ኧርንስት ባወር ገላውን ሊታጠብ አትላንቲስ ላይ ወጥቷል። ለወራት ገላ ያልታጠበ ሰው መታጠቢያ ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ።

አጋጣሚ አልነበረም። ብሪታንያ የጀርመንን ሚስጥራዊ የሬዲዮ ኮድ ፈትታ የመገናኛ ቦታውን አውቃለች።

አሁን ሞተሩ። የግራው ሞተር ለጥገና ተፈቷል። ይህንን ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሁሉ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ቆምኩበት። የትልቅ ዲዝል ፒስተን ስታወጣ መጀመሪያ የሲሊንደሩን ክዳን ታነሳለህ። በሰንሰለት ክሬን ነው የሚነሳው። ከዚያ ፒስተኑን በቀስታ ትጎትታለህ፣ ሁለት ሰው ሁለቱን ጎን ይዞ እንዳይወዛወዝ። መርከቡ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ያ ሁሉ ብረት ይወናጨፋል። አንዴ ከተፈታ መልሰህ ለመግጠም ሰዓታት ያስፈልጋሉ። ደወል ቢመጣ፣ መድፍ ቢተኮስ፣ ያ ሲሊንደር ባዶ ነው። እኔ አንድ ቀን ወደብ አጠገብ ቆመን ፒስተን አውጥተን ሳለ ማዕበል ተነሳ። የሰንሰለቱን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ። ያን ጠዋት አትላንቲስ ሞተር ክፍል የነበሩት ሰዎች አውሮፕላኑን አላዩትም። ደወሉን ሰምተው፣ እጃቸው ዘይት እንደሆነ፣ የተፈታውን ሞተር ነው ያዩት።

ዴቨንሺር ከ14 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ቆመች። የአትላንቲስ መድፍ እዚያ አይደርስም። ሮገ ፖሊፌመስ የምትባል ንግድ መርከብ ነኝ ብሎ በሬዲዮ መለሰ። የዴቨንሺር ካፒቴን ኦሊቨር አልተቻኮለም። ፍሪታውን ያለውን አዛዥ ጠየቀ፤ እውነተኛዋ ፖሊፌመስ እዚህ ልትሆን ትችላለች? አትችልም የሚል መልስ መጣ። ተኮሰ።

ሮገ መልሶ አልተኮሰም፤ ቢተኩስም አይደርስም። መርከቧን ራሳቸው በፈንጂ እንዲያጠፏት አዘዘና ሰዎቹን አስወጣ። የሞቱት ሰባት ናቸው። ዴቨንሺር ሰርጓጅ መርከብ አካባቢው ውስጥ እንዳለ ስለጠረጠረች ከውሃ ሰው ሳታወጣ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለው ለብቻው ክር ይፈልጋል። ከ300 በላይ ሰው ውሃ ላይ ቀረ። ዩ 126 ተመልሳ ብቅ አለች። የቻለችውን ውስጧ አስገባች፣ የተወሰኑት ተንሳፋፊ ሰደሪያ ለብሰው ከላይዋ ተቀመጡ፤ ጠላት ቢመጣባቸው ሰርጓጇ ትጠልቃለች፣ እነሱ ይንሳፈፋሉ። የቀሩት በስድስት ጀልባ ሆነው ወደ ብራዚል አቅጣጫ ተጎተቱ። ከሁለት ቀን በኋላ ፒቶን የምትባል የነዳጅ መርከብ አነሳቻቸው። ተረፍን ሲሉ በዲሴምበር 1 ዶርሴትሺር የምትባል ሌላ ክሩዘር ፒቶን ላይ መጣች። ፒቶንም ሰጠመች። እንደገና ውሃ ላይ። በመጨረሻ የጀርመንና የጣልያን ሰርጓጅ መርከቦች ተካፍለው ወደ ፈረንሳይ ወሰዷቸው።


ሐረርጌ 33፣ ረቡዕ ከምሽቱ 1:05

ሞተሪስቱ፣ ያንተን ሳነብ ልቤ ቆመ። የዱርሚቶር እስረኞች ጨው ላይ ነበሩ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ የያዟቸው ሰዎች ራሳቸው ሰርጓጅ ጀርባ ላይ ተቀመጡ።

ሮገ ጥሩ ሰው ነበር የሚሉ ብዙ ጽሑፎች አሉ። እስረኞቹን ከራሱ ሰዎች እኩል ይመግብ ነበር ይባላል። ከጦርነቱ በኋላ አንዳንድ የያዛቸው ካፒቴኖች ወዳጆቹ ሆነዋል። በኋላ በምዕራብ ጀርመን ባሕር ኃይል አድሚራል ሆኗል። ምን ትላላችሁ?


ቴዎድሮስ ከሐይፋ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 1:40

ሐረርጌ፣ በአትላንቲስ ላይ ስላደረገው ምስክሩ ብዙ ነው፤ አልክድም። አንድ አያቱ አይሁዳዊት ነበሩ፤ በናዚ ሕግ ምክንያት ራሱም ተንገላትቷል። ግን ታሪኩን እዚያ ላይ መቁረጥ አይገባም። በሜይ 1945፣ ሂትለር ከሞተ በኋላ፣ ፍሌንስቡርግ አካባቢ በወታደሮች ላይ የተፈረደ የሞት ቅጣት አጽድቋል። አንዱ የተገደለው ጀርመን እጅ ከሰጠች በኋላ ነው። ጦርነቱ አልቆ ወደ ቤቱ ሊሄድ የነበረ ሰው ነው። የጠላትን መርከበኛ ያዘነለት እጅ ያንን ፈርሟል። ሁለቱንም አብሬ መያዝ አለብኝ፤ አንዱን ጥዬ ሌላውን ማውራት አልችልም።


ጡረተኛው ባሕረኛ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 2:25

ይህንን አላውቅም ነበር ቴዎድሮስ። ለብዙ ዓመት ይህን ሰው እንደ ምሳሌ ለወጣቶች ስናገር ኖሬአለሁ። አመሰግንሃለሁ። ከእንግዲህ ሙሉውን ነው የምናገረው።


መዝገብ ቤት፣ ረቡዕ ከምሽቱ 3:00

ስለ አንድ ሰው ልጨምር። በዲሴምበር 1940 አትላንቲስ ለማረፍና ውሃ ለመቅዳት ሕንድ ውቅያኖስ ደቡብ ጫፍ ላይ ያለችው ኬርጌለን ደሴት ገብታ ነበር። ስትገባ ድንጋይ መትታ ተጣበቀች፤ በብዙ ድካም ነው የወጣችው። እዚያ ሳሉ አንድ መርከበኛ የጭስ ማውጫውን ሲቀባ ወድቆ ሞተ። እዚያው ደሴቷ ላይ ቀበሩት። ሰው የማይኖርበት፣ ነፋስ የማያቋርጥበት ቦታ ነው። ሞተሪስቱ መጀመሪያ ስለ ቀለም ስትጽፍ ይህ ነው ትዝ ያለኝ።


ሞተሪስቱ፣ ረቡዕ ከሌሊቱ 5:35

ለዚያ ነው ቀለሙ የሚከብደኝ። የኛ ቦሰን (የደክ ሠራተኞች አለቃ) ማንም ያለ መታጠቂያ ገመድ ጣውላ ላይ እንዲወጣ አይፈቅድም፤ ይጮህብናል። ነገ ይህን ሰውዬ እነግረዋለሁ።

አንድ ነገር ላስጨርስ። ሐረርጌ ስለ ዱርሚቶር ጨርሰህ አልነገርካቸውም። እንግሊዞች ኪስማዩ ላይ አገኟት፤ ስሟን ራድዊንተር ብለው ቀየሩትና ወደ ጭነት ሥራዋ መለሷት።

የእኩለ ሌሊቱን ዋች የምረከብበት ጊዜ ደረሰ፤ ኔትወርኩም እየራቀን ነው። ጋሼ፣ ስለ ምጽዋዎቹ ሰርጓጅ መርከቦች ለብቻው ክር ይክፈቱልን። ወደብ ስገባ አነበዋለሁ።


ጡረተኛው ባሕረኛ፣ ሐሙስ ከጠዋቱ 12:40

እከፍታለሁ ልጄ። ደህና ዋች።